ዳር የቆመችው ሴት

ሥዕሉ አልቆ ሰንብቷል፤ የቀረው አንድ ፊት ብቻ ነበር። ፅጌ ማርያም ግን ያንን ፊት ላለመሣል የማታመጣው ሰበብ አልነበረም። አንድ ቀን የብሩሹ ጠጉር ረገፈ ትላለች፣ አንድ ቀን ቀለሙ ወፈረ ትላለች። የነሐሴ ዝናብም ለሰበብ አይሰስትም፤ ገና በእኩለ ቀን ጣናን አጥቁሮ የሥዕል ክፍሉን የቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድባል። ያኔ ደግሞ ብርሃን አነሰኝ ትላለች። ዛሬም ሸራው ፊት ቆማ በላምባ የነከረችውን ብሩሽ በጨርቅ ትጠርጋለች። ብሩሹ ከጸዳ ቆይቷል።

ሥዕሉ የራሷ አይደለም፤ ከፈረንጅ ሥዕል የተቀዳ ነው። ዋናውን ዓምደ ሚካኤል ሌኒንግራድ ተምሮ ሲመለስ ካመጣው አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቆርጦ ነው የሰጣት። ሥዕሉ ላይ ወራቱ በጋ ነው። በወንዝ ዳር፣ ከዛፎች ጥላ ሥር፣ ነጭ ጨርቅ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ዳቦና ፍራፍሬ ቀርቦበታል። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ዙሪያውን ተቀምጠው ይሣሣቃሉ። ሌላዋ ሴት፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው፣ ከነሱ ፈንጠር ብላ ዳር ላይ ቆማ ውሃውን ታያለች። ወደ ውሃው ስለዞረች የሚታየው የፊቷ ጎን ብቻ ነው፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን።

«የዘይት ቀለም የሚለመደው በመቅዳት ነው» ብሏት ነበር ገና ሲያስጀምራት። «የታላላቆቹን ሥራ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ትቀጃለሽ። አመልሽን አታስገቢበት።»

ሁለቱም የሚሠሩት ባሕር ዳር ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው። ዘመኑ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ የሚባልበት ነበር። እሱ የሥዕል ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ጢማሞቹን የአብዮት አባቶች በቤት ግድግዳ ልክ ይሥላል። እሷ መፈክር ጻፊ ናት። የመሪጌታ ልጅ ስለሆነች ፊደሏ የብራና ጽሑፍ ይመስላል። ካድሬዎቹም ፊደሉን ያደንቃሉ፤ ከየት እንደተማረችው ግን አይጠይቁም።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዘጌ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሌላ ሰው የላቸውም። እሷም በሥራ ቀን ከተማ አክስቷ ቤት እያደረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ወደሳቸው ትሻገራለች። አንድ ጊዜ ለገበያ ሲመጡ የዓምደ ሚካኤልን ሥራ አደባባይ ተሰቅሎ አይተው፣ «ጢሙስ የጻድቅ ነው፤ አክሊሉን ምነው ነፈጋችሁት?» ብለው ነበር። እቤት ሲደርሱ ግን ቀልዱን ትተው፣ «አንቺ ልጅ፣ እግዜርን ከሚክድ ሰው ጋር አንድ ብሩሽ እንዳትይዢ» አሏት። እሷ ያን ጊዜ ይዛ ነበር።

ዓምደ ሚካኤል እግዜርን መካዱን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ቢሮ ውስጥ መልአኩን ከስሙ ላይ ቆርጠው «ጓድ ዓምዴ» ይሉታል። የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ዘመድ የለውም። ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ እሑድ ብቻውን ሐይቁ ዳር ይሄዳል። ሳቅ የሚሰማው ሥዕል ክፍሉ ውስጥ ፅጌ ማርያም ስትኖር ነው።

«ወፍራሙን ሰውዬ አይተውታል?» አለችው፣ ፊቱን በብሩሹ ጫፍ እያመለከተች። «ሳላስበው የንብረት ክፍሉን አቶ አበራን መሰለብኝ።»

«አቶ አበራ ሣር ላይ ተቀምጦ ሲስቅ!» አለና ሳቀ። ከዚያ ባዶውን ፊት አየ። «ዳር የቆመችዋስ? እሷንም ስም እናውጣላት እንጂ።»

«እንጃ። ስም አይገኝላትም።»

«ፅጌ፣ ፈራሻት እንዴ?»

«ኧረ አልፈራኋት!»

«ታዲያ ለምን ትሸሻታለሽ?»

እውነቱ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። በአባቷ ሙያ ደግ ሰው የሚሣለው በሁለት ዓይኑ ነው። ጻድቁም፣ ሰማዕቱም፣ መልአኩም ፊቱን ሙሉ አድርጎ ያይሃል። አንድ ዓይን የሚሰጠው ለይሁዳ ነው፤ ለሰይጣን፣ ጌታን ለገረፉት ጭፍሮች ነው። ልጅ ሆና ቀለም ስትፈጭ አባቷ ይህን ደጋግመው ነግረዋታል። ታዲያ ይህች ምስኪን ፈረንጅ ማንን ከዳች ብላ ባንድ ዓይን ታስቀራት? ብቻዋን ከመቆሟ በቀር ምን ጥፋት ሠራች?

ሌኒንግራድ ለተማረ ሰው ይህን መንገር ግን አፈረች። ባላገር ይለኛል ብላ ፈራች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ ሰዎች። ዝንብስ አልገባም፤ ሌላው ጣጣ ሁሉ የገባው ግን በዚያች ዝምታ ነው።

«አትጨነቂ» አላት፣ ዝምታዋ የእጅ ፍርሃት መስሎት። «የዘይት ቀለም እንደ አባትሽ ቀለም አይቸኩልም። እስኪደርቅ ድረስ ያልወደድሽውን በጨርቅ ታነሺዋለሽ።»

«ከደረቀስ?»

«ከደረቀ በላዩ ላይ መሣል ነው። ከሥር ያለው ግን ከሥር ይኖራል።»

ይህን ሲል የሚያየው ሸራውን አልነበረም። ጉንጯ ላይ ዓይኑ ሲያርፍ ታወቃት። ቀና ብላ ብታየው ምን እንደምታገኝ ታውቅ ነበርና ቀና አላለችም። ብሩሹን እንደገና መጥረግ ጀመረች፤ ልቧ ግን ከዝናቡ በላይ ይሰማት ነበር።

*

ነገር የመጣው በሰማያዊ ቀለም ነው።

ጽሕፈት ቤቱ የሚፈጀው ቀይ ነው፤ ሰማያዊው ሣጥኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ይደርቃል። መሪጌታ ደግሞ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ ጀምረው ቀለም አልቆባቸው ነበር። ይህን ከፅጌ ማርያም የሰማው ዓምደ ሚካኤል አንድ የሰማያዊ ቀለም ቱቦ በወረቀት ጠቅልሎ፣ «ለአባትሽ ስጪልኝ፤ ከእኔ ነው አትበይ» አላት። ሰጠች። ከማን እንደሆነ አልተናገረችም።

ፍልሰታ ተፈቶ ብዙም ሳይቆይ ካድሬው ዓምደ ሚካኤልን አስጠራው። ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ መስኮቱ ጋ ቆመ።

«የአብዮቱ ቀለም ቤተ ክርስቲያን ገባ ነው የሚሉኝ» አላት። «ሰማያዊው።»

ፅጌ ማርያም ደነገጠች። «ማን ነገራቸው?»

«እኔ ምን አውቄ? ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

ደክሞት ነው ያለው። ዓይኑ ሐይቁ ላይ ነበር፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። እሷ ግን በጥፊ የተመታች ያህል ተሰማት። እርስዎ እኔ ነኝ ብለው ነው? ልትለው አሰበች። አላለችም። ሁለተኛዋ ዝምታ ይህች ናት።

«አልቀጡኝም» ሲል ቀጠለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ሾሙኝ። አሥመራ ተመድቤያለሁ። እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ካልፈረምኩ ግን ከደረጃዬ ዝቅ ብዬ እዚሁ መቅረት እችላለሁ። የምቀርበት ምክንያት ካለኝ እቀራለሁ።»

ዝናቡ በመሐላቸው ብዙ አወራ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አላት በመጨረሻ። «በአፌ አቃተኝ። ሰኞ ጠዋት ስትመጪ ሥዕሉ ላይ ታገኚዋለሽ። እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ። መልስሽ እሺ ከሆነ በርጩማሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ጠብቂኝ። እምቢ ከሆነ ምንም ማለት የለብሽም፤ ሂጂ። አልቀየምሽም።»

አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ያን ቅዳሜ ዘጌ ስትሻገር ከሰው መሐል ተቀምጣ ማንንም አልሰማችም። የተናገራት ክፉ ቃል እንደ እሾህ ተሰክቶባት ነበር። ቢሆንም እሑድ በጀልባ ስትመለስ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ቀስ ብላ «እሺ» አለች። ደግማ «እሺ» አለች፤ ሰኞ ድምፄ እንዳይጠፋብኝ ብላ ነው። ሴት ልጅ ለአንድ ቃል ይህን ያህል ስትለማመድ ማየት ያሳዝናል።

*

ሰኞ ጠዋት ሥዕል ክፍሉ ባዶ ነበር። ሸራው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ገለጠችው።

ዳር የቆመችው ሴት ፊት ነበራት። የፅጌ ማርያምን ፊት። ሹሩባዋ፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ጆሮዋ ሥር ያለችው የልጅነት ጠባሳ፣ ሁሉም አለ። ሰውየው ምንም አላመለጠውም። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው በደስታ ታለቅስ ነበር።

እሷ ያየችው ዓይኑን ነው። አንድ ዓይን። የአባቷ ግድግዳ ላይ የምታውቃቸው ሁሉ መጡባት፤ ሠላሳውን ብር የጨበጠው፣ ጅራፍ የያዘው፣ ምላሱን ያወጣው። «ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።» እንግዲህ ጥያቄው ይህ ኖሯል! ከዳሽኝ ወይ? ነው። እሱ ራሱ መልሶታል፣ በቀለም።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ብታውሱት ምን እንደሚያጭድ አያይም። ፅጌ ማርያምም የቀን መቁጠሪያውን ሥዕል ቀና ብላ አላየችውም፤ ያቺ ፈረንጅ ሴትም ባንድ ዓይን እንደምትታይ አላስታወሰችም። ጨርቁን መልሳ አለበሰችው፣ ብሩሿን ሣጥኑ ላይ አኖረች፣ ወጣች። አክስቷን አሞኛል አለቻት፤ ዘጌ ተሻግራ ቀረች።

ዓምደ ሚካኤል ከስብሰባው እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ጠጉሩን በእጁ አስተካከለ፣ ከዚያ ከፈተ። በርጩማው ባዶ ነበር። ሄዶ ራሱ ተቀመጠበት፤ የምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አልተነሣም። ዓርብ ድረስ በየጠዋቱ ቀድሞ ገባ፤ በየማታው በሩን ብቻውን ዘጋ። ዓርብ ፈረመ።

እሷም ዘጌ ላይ ለአባቷ ቀለም ትፈጫለች። አንድ ቀን ድንገት፣ «አባባ፣ ባንድ ዓይን የሚሣል ደግ ሰው አለ?» አለቻቸው።

መሪጌታ ሳይዞሩ፣ «ደግ ሰው? የለም፣ ልጄ። ምነው?» አሉ።

«እንዲሁ ነው።»

እንባዋ የምትፈጨው ቀለም ውስጥ እንዳይገባ ፊቷን መለስ አደረገች።

*

ቅዳሜ ዓምደ ሚካኤል በጀልባ መጣ። ሸራውን በተረፈ የመፈክር ጨርቅ ጠቅልሎታል፤ ከላይ «ወደፊት» የሚል የፅጌ ማርያም ፊደል ይነበባል። መሪጌታን ደጃቸው ላይ አገኛቸው።

«እንደምን አደሩ አባቴ። የፅጌ ማርያም ሥራ ነው፤ ሳልሰጣት እንዳልሄድ ብዬ ነው። ሰኞ አሥመራ መሄዴ ነው።»

«ደኅና አደርህ? አንተ ነህ የጢሞቹ ሠዓሊ?» አሉና ጨርቁን ፈቱ። ብዙ አዩ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«ልጄ ምን አጠፋችብህ?»

«ምን?»

«ምን አጥፍታ ነው ባንድ ዓይን ያቆምሃት?»

ግራ ገባው። መሪጌታ ሰውየው እየዋሸ እንዳልሆነ ከዓይኑ ሳይረዱ አልቀሩም። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀደሙት። ጫማውን አውልቆ ተከተላቸው። ተወልዶ እዚህ አገር አድጎ፣ የሌኒንግራድን አዳራሾች አዳርሶ፣ እንዲህ ካለ ግድግዳ ፊት ቆሞ አያውቅም ነበር።

«ይህ ማነው?» አለ።

«ይሁዳ።»

«ይህስ?»

«ጌታን የገረፈ።»

«ይህችስ ሴት?»

«ሄሮድያዳ ናት። የዮሐንስን አንገት ያስቆረጠች።»

ዓምደ ሚካኤል እጁን አፉ ላይ ጫነ። ፈንጠር ብላ በአዲስ ሰማያዊ መጎናጸፊያ እመቤታችን በሁለት ዓይኖቿ ታየዋለች። መሪጌታ እሱ የሚያየውን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀለሙ ያንተ ኖሯል። ለፍልሰታ የመጣው ሰው መጎናጸፊያውን ሲያደንቅ፣ ልጄ ከመንግሥት ቤት ያመጣችልኝ ነው ብዬ ፎከርሁ። አፌን የከፈትሁ እኔ ነኝ። ባንተ ላይ ደርሶ ከሆነ ይቅር በለኝ።»

«እሷ የት ናት?» ብቻ አላቸው።

ሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ፣ ጀልባው ከሚቆምበት ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣ አገኛት። ሸራውን ይዞ መጥቷል። ስታየው ተነሣች፤ መሄጃ ግን አልነበራትም፤ ከኋላዋ ውሃ ነው።

«ግድግዳውን አየሁት» አላት። «ፅጌ፣ አላውቅም ነበር። እናቴ ትሙት፣ አላውቅም ነበር።»

ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች።

«ያን ሁሉ ወራት ካጠገቤ ቆመሽ ስትሥዪ፣ ፊት ለፊት ላይሽ አልደፈርኩም። ሰርቄ የማይሽ ከጎን ነበር። ልቤ ውስጥ የያዝኩት ፊትሽ እሱ ነው። ሌላ አልነበረኝም፤ ያለኝን ነው የሣልኩት። ሽማግሌ ልላክ ወይ ማለቴ ነበር።»

ፅጌ ማርያም በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። «እኔኮ ከዳሽኝ የሚሉኝ መስሎኝ! ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም ብለው ነበር።»

«አንቺን? አንቺን እኮ አልነበረም! ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ባላገር ይሉኛል ብዬ አፈርሁ። ያንን ፊት ሁሉ ጊዜ የምሸሸው ለዚህ ነው። አንድ ዓይን ልሰጣት አልቻልሁም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «መልሴ እሺ ነበር። በጀልባው ላይ ሆኜ እየተለማመድሁት ነው የመጣሁ።»

 ከዚያ ዓይኗን አንሥታ፣ «ፈርመሃል?» አለችው። «እርስዎ» ማለቱን ረስታዋለች፤ እሱም ይህንኑ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ትናንት። ከፈረሙ ወዲያ እምቢ ያለ ሰው ብሩሽ ይዞ አይደለም የሚሄደው፤ ጠመንጃ ይዞ ነው።»

ወደ ሸራው ጎንበስ አለች። በአውራ ጣቷ ያችን አንድ ዓይን ቀስ ብላ ዳሰሰቻት። ጣቷን አየች፤ ምንም አልያዘባትም።

«ደርቋል» አለች።

«በላዩ ላይ ሥዪው። በሁለት ዓይን አድርጊያት።»

«አልሥልም። ከሥር ያለው ከሥር ይኖራል ብለኸኛል። ከመጣህ... ስትመጣ ፊት ለፊትህ እቀመጥልሃለሁ። ያን ጊዜ አንተው ሣለኝ።»

«እመጣለሁ» አለ። አሥመራ ያን ዘመን የሚሄደው ሁሉ እመጣለሁ ይል ነበር።

የጀልባው ሞተር ተነሣ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ዞሮ ተቀመጠ። ዓምደ ሚካኤል ብቻ ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ዘጌ አድርጎ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ወደፊት ዙር እንጂ፤ ራስህን ያዞርሃል» አለው ጀልባ ነጂው።

አልዞረም። ውሃው በመሐላቸው እየሰፋ ሄደ። ፅጌ ማርያም ዳር ላይ ቆማለች። ጨዋ ልጅ ሰው በተሰበሰበበት ወንድን ትክ ብላ አታይም፤ እንባዋንም በነጠላዋ ትሸፍናለች። እሷ ግን ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በሁለት ዓይኖቿ አየችው። ወደ ጎንም ዘወር አላለች።

አባቷ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ሰዎች ያዩ ነበር። ፊትሽን መልሺ፣ ነውር ነው ሊሏት ይገባ ነበር።

አላሏትም።